«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ»፦ ስለ አዲስ ምግብና ስለ ሸማቹ ምርጫ

(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ፣ ጎንደር ፒያሳ የቀረበ ንግግር)





የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ ወደ ነገሬ ልግባ። ዛሬ የምናገረው በቀጥታ ስለ በሽታ አይደለም፤ ስለ ገበያ ነው። «ሐኪም ገበያ ውስጥ ምን አገባት?» የምትሉ እንዳላችሁ ከፊታችሁ ይታየኛል። ግድ የለም፣ መጨረሻው ላይ ሆስፒታል እንገናኛለን።

እዚህ ተምረን ቲቲፒ ያልወጣን የለንም። ጤና መኮንኑ፣ ነርሱ፣ ሳኒታሪያኑ፣ ላቦራቶሪው፣ ሐኪሙ በአንድ ቡድን ወረዳ ወርደን ከርመን ስንመለስ ሪፖርት እናስረክባለን። የሁሉም ሪፖርት መጨረሻ ላይ የማትቀር አንዲት መስመር ነበረች፦ «የኅብረተሰቡን ግንዛቤ ማሳደግ ያስፈልጋል።» መምህራኖቻችን ታውቋታላችሁ፤ ስንት ጊዜ አንብባችኋታል!

የዛሬው ጉዳዬ በዚህችው መስመር ላይ ነው። አንዲት እናት ሐኪም የመከራትን ምግብ ሳትገዛ ስትቀር፣ ብዙውን ጊዜ ያነሳት ግንዛቤ አይደለም። ሒሳቧን ሠርታለች። ዋጋውን፣ ጣዕሙን፣ እንጀራው ማደር አለማደሩን፣ ልጆቿ ይበሉት አይበሉት እንደሆነ፣ ወቅቱ ጾም መሆኑን፣ ሻጩ መታመኑን፣ ይህን ሁሉ ደምራና ቀንሳ ነው «ይቅርብኝ» ያለችው። ይህን ሒሳብ የሚያጠና የኢኮኖሚክስ ዘርፍ አለ። ሰው ለማያውቀው ምግብ ስንት ለመክፈል እንደሚፈቅድ፣ ለምን እንደሚፈቅድና ለምን እንደማይፈቅድ ይለካል። እኛ የጤና ባለሙያዎች ይህን ዘርፍ ልናውቀው፣ ዩኒቨርሲቲያችንም እዚሁ ልንሠራበት ይገባል ባይ ነኝ።

ነገሩን ከቅርባችን ልጀምር። ይህ የተሰበሰብንበት ፒያሳ ስሙም፣ አብዛኛው ነባር ሕንፃውም ከጣሊያን የቀረ ነው። ጣሊያን ጎንደር ላይ የቆየው ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም ነው፤ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ፓስታና ማካሮኒ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከየቤቱ አልጠፉም። ለጎንደሬ ስለ ፓስታ ሥልጠና የሰጠ አለ? የለም። ቶሎ ይደርሳል፣ በአትክልት ከተሠራ ለጾም ይሆናል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንጀራ ላይ ይወጣል። ፓስታ በእንጀራ የሚበላ ሰው ጣሊያን አገር ቢፈለግ አይገኝም፤ እኛ ዘንድ ግን የታወቀ ነው። አዲሱ ምግብ የገባው ነባሩ ማዕድ ላይ ቦታ ስላገኘ ነው።

ከዚህ ወደ ዳባትና ደባርቅ ስንወጣ ደግሞ ድንች አለ። ድንች ወደ ሀገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ ሺምፐር በተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ይሁንና በሰፊው የተተከለው ወዲያው አይደለም። ሠላሳ ዓመት ያህል ጠብቆ፣ ከብቱ በበሽታ ያለቀበት፣ እህሉ የጠፋበት ክፉ ቀን ሲመጣ ነው ደገኛው በብዛት የያዘው። በችግር የገባ ምግብ ችግሩ ሲያልፍ ሊወጣ ይችል ነበር። ድንች ግን አልወጣም፤ ምክንያቱም ገብሱ ሳይደርስ ቀድሞ ይደርሳል፣ ለብርዱ ይስማማል፣ ወጡም ለጾም ይሆናል። ችግር በሩን ከፈተለት፤ ያቆየው ግን የራሱ ጠባይ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌዬ ሩዝ ነው። ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ የፎገራን ሜዳ ታልፋላችሁ። በክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት ነበር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ከገበሬዎች ማኅበራት ጋር ሩዝ ሞከሩበት። ዛሬ ፎገራ ሲባል ሩዝ ነው የሚታሰበው። ታዲያ ገበሬው ሩዙን የት አደረሰው? እንደ ሕንዶቹ ቀቅሎ በሳሕን ብቻ አላቀረበውም፤ ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ አስፈጨና እንጀራ ጋገረበት። ሩዝ ሲገባበት እንጀራው ይነጣል፣ ወጪውም ይቀላል። ሩዙ ከበዛ ደግሞ ሲያድር ይደርቃል፣ ስትጠቀልሉት ይሰነጠቃል። ስለዚህ እያንዳንዷ ባለቤት የራሷ ልክ አላት፤ ነጭነቱን የምታገኝበት፣ ልስላሴውን የማታጣበት። ያቺ ልክ በየትም አልተጻፈችም፤ ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ከሚሠራ ሙከራ አታንስም።

እዚህ ላይ አንድ የሐኪም ቃል ጣል ላድርግ። የተፈተገ ነጭ ሩዝ በብረት ማዕድን፣ በካልሲየምና በአሰር ከጤፍ ያንሳል። ስለዚህ ሸማቹ ለነጭነት ዋጋ ሲከፍል ሳያውቀው ሌላ ነገር እየሸጠ ነው። እኛ ደግሞ ደም ማነስ ብለን ካርድ ላይ እንጽፋለን።

ሸማቹ የሚገዛው እህሉን ነው ወይስ የእህሉን ጠባይ? እ.ኤ.አ. በ1966 ኬልቪን ላንካስተር የተባለ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። ሰው የሚገዛው ዕቃውን ራሱን ሳይሆን ዕቃው የያዛቸውን ጠባዮች ነው አለ። ይህን ለጎንደር የጤፍ ነጋዴ ብትነግሩት «እና አሁን ነው የደረሰበት?» ይላችኋል። ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ብሎ ዋጋ የሚለየው እኮ ጠባዩን እየቆጠረ ነው፤ ንጣቱን፣ ውኃ ማንሣቱን፣ የእንጀራውን ዓይን።

ተመራማሪዎቻችንም ይህን የተማሩት ከገበያው ነው። ደብረ ዘይት ያሉት የጤፍ ተመራማሪዎች ብዙ ምርት የሚሰጥ ዝርያ ነበራቸው፤ የፍሬው ንጣት ግን ሸማቹ የሚወደው ዓይነት አልነበረም። በጣም ነጩ ማኛ ደግሞ ምርቱ ያንሳል። ሁለቱን አዳቅለው በ1998 ዓ.ም «ቁንጮ»ን አወጡ። ምርቱም ንጣቱም በአንድ ላይ ስለተገኘ ቁንጮ ከገበሬ ወደ ገበሬ በፍጥነት ተዛመተ። ከኩንታሉ ብዛት ይልቅ የሸማቹን ዓይን ያከበረው ዝርያ ነው ያሸነፈው።

እስከ አሁን ያነሣኋቸው ምግቦች ሁሉ በራሳቸው መንገድ የገቡ ናቸው። ጥያቄው፣ ገና ያልገባውን ምግብ ሰው ይቀበለው እንደሆነ አስቀድመን እንዴት እናውቃለን? የሚል ነው።

ቀላሉ መንገድ መጠየቅ ይመስላል። «ይህን ቢያቀርቡልዎ ይገዛሉ?» ማለት። በእኛ ዘንድ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ቤታችሁ የመጣ እንግዳ «ወጡ እንዴት ነው?» ሲባል «ጨው በዝቶበታል» ብሎ ያውቃል? ጠያቂው ነጭ ጋዎን ከለበሰማ አለቀ! «እንዴታ ዶክተርዬ፣ እገዛለሁ እንጂ» ነው መልሱ። ይሉኝታው በእኛ ቢብስም ችግሩ የዓለም ሁሉ ነው። በዩጋንዳ ቫይታሚን ኤ ባለው ብርቱካናማ ስኳር ድንች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ሰዎች በሐሳብ ብቻ ሲጠየቁ የጠሩት ዋጋ ከኪሳቸው እንዲያወጡ ሲደረግ ከጠሩት በእጅጉ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ኢኮኖሚስቶች ሌላ ዘዴ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቤከር፣ ደግሩትና ማርሻክ የተባሉ ሦስት ምሁራን ያወጡት ነው። ተሳታፊዋ ምግቡን ትቀምሳለች። ከዚያ «ለዚህ ቢበዛ ስንት ትከፍያለሽ?» ትባላለች። ለምሳሌ 30 ብር አለች እንበል። ከዚያ በኋላ ዋጋ በዕጣ ይወጣል። ዕጣው 30 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በወጣው ዋጋ የግድ ትገዛለች፤ 22 ከወጣ 22 ትከፍላለች። ከ30 በላይ ከሆነ አትገዛም። አጥኚውን ደስ ለማሰኘት ከፍ አድርጋ ብትጠራ ያልፈለገችውን በውድ ልትገዛ ነው፤ ለመከራከር ዝቅ ብታደርግ የፈለገችው ሊያመልጣት ነው። ስለዚህ የሚያዋጣት እውነቱን መናገር ብቻ ነው። ገበያ ላይ መከራከር ለለመደ ሕዝብ መጀመሪያ ግር ሊለው ይችላል፤ በሳሙና ወይም በብስኩት አንድ ሁለት ጊዜ ካለማመዱት በኋላ ግን የሚያስቸግር ነገር የለውም።

የሸማች ጥናቶች ታዲያ ምን ይላሉ? በዩጋንዳ ስለ ቫይታሚን ኤ ያልተነገራቸው ሰዎች ብርቱካናማውን ድንች ከነጩ አስበልጠው አልከፈሉም፤ የተነገራቸው ግን ጨመሩ። በዛምቢያ ደግሞ ብርቱካናማ በቆሎ ሲመጣ ትልቅ ስጋት ነበር። በዚያ አካባቢ ቢጫ በቆሎ የእርዳታ እህል፣ የችግር ዘመን ማስታወሻ ተደርጎ ይናቃልና። ጥናቱ ሲሠራ ሰው ብርቱካናማውን ከቢጫው ለይቶ አየው፤ ወደደውም። መረጃውን በሬዲዮ የሰሙትና ከአካባቢ መሪዎች የሰሙት የከፈሉት ዋጋም ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ማለትም «ግንዛቤ» ቦታ አለው፤ ግን የሚሠራው ምግቡ አስቀድሞ ምላስንና ዓይንን ካለፈ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሆስፒታል እንመለስ፤ ጉዞውን በጨው በኩል እናድርገው።

ኢኮኖሚስቶች የዕቃን ጠባይ በሦስት ይከፍሉታል። ከመግዛታችን በፊት ዓይተን የምንለየው አለ፤ እንደ ጤፍ ንጣት። በልተን የምንለየው አለ፤ እንደ እንጀራ ልስላሴ። ሦስተኛው ዓይተንም በልተንም የማንለየው፣ አምነን ብቻ የምንወስደው ነው። ጨው ውስጥ ያለ አዮዲን እንዲህ ያለ ነው። ዕድሜ ልካችሁን ብትበሉት በምላሳችሁ አታውቁትም።

የሰሜን ተራራን ሕዝብ ያየ የጤና ባለሙያ ሁሉ እንቅርትን ያውቃል። አዮዲን ያለው ጨው መፍትሔ መሆኑም ከታወቀ ቆይቷል። ሆኖም በ2003ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 ከመቶ በሚሆኑ ቤተሰቦች ዘንድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ወጣ። በ2008ቱ ዳሰሳ ቁጥሩ 89 ከመቶ ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ የእናቶች ምርጫ እንዲህ ተገለበጠ ማለት ነው? አይደለም። የተለወጠው ሱቁ ውስጥ ያለው ጨው ነው። ሲገዟት የነበረችው ጨው መልኳም ጣዕሟም ሳይለወጥ አዮዲን ይዛ መጣች። ሸማቹ እንዲመርጥ አልተጠየቀም፤ እንዲለምድም አልተገደደም። በርግጥ በየከረጢቱ ያለው አዮዲን በቂ ነው ወይ የሚለው የጥራት ጥያቄ ገና አላለቀም፤ ጨውን አጥቦ የመጠቀምና ክፍት አድርጎ ምድጃ አጠገብ የማስቀመጥ ልማድም አዮዲኑን ይቀንሰዋል። መንገዱ ግን ታይቷል።

አሁን ቀጣዩ ጥያቄ በራችን ላይ ነው። የሕፃናት ክፍልና የማዋለጃ ክፍል የሠራችሁ ሁሉ የሕብለ ሰረሰር ክፍተት ይዘው የሚወለዱ፣ ራሳቸው ውኃ የቋጠረ ሕፃናትን ታውቃላችሁ። ቀዶ ሕክምናው ከባድ ነው፤ ቢሳካም ልጁ እግሩን ላያዝ፣ ሽንቱን ላይቆጣጠር ይችላል፤ የእናትዮዋም ኑሮ በዚያው ይለወጣል። የዚህን ትልቅ ክፍል መከላከል እንደሚቻል ግን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ ሲወስዱ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 ከመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

«ታዲያ ክኒኑን እንስጣ!» ትሉ ይሆናል። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። የጽንሱ የነርቭ ቧንቧ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ሴትዮዋ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ለቅድመ ወሊድ ክትትል መጥታ ክኒኑን በእጇ ስናስቀምጥ በሩ ተዘግቷል። ስለዚህ ፎሊክ አሲዱ አስቀድሞ ምግቧ ውስጥ መገኘት አለበት።

በ2014 ዓ.ም የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። ጥሩ እርምጃ ነው። ፒያሳ ዳቦ ለምትገዛ ሴት ሊደርስ ይችላል። ጃናሞራ ላይ የራሷን ገብስ በመንደሯ ወፍጮ ለምታስፈጭ ሴት ግን የፋብሪካ ዱቄት አይደርሳትም። ለእርሷ ከገበያ የግድ የሚመጣ ነገር ምንድን ነው? ጨው። ለዚህ ነው ጨውን በአዮዲንም በፎሊክ አሲድም አንድ ላይ የማበልጸግ ሐሳብ በሀገራችን ተመራማሪዎች እየተፈተነ ያለው። ይህ ማለት ሰው ጨው ያብዛ ማለት አይደለም፤ የደም ግፊት ሐኪሞቻችን አትቆጡ። ከሚበላው ላይ ነው የሚጨመረው።

አንድ ነገር ግን አለ። አዮዲን በጨው ላይ አይታይም። ፎሊክ አሲድ ግን በባሕርዩ ቢጫ ነው፤ ጨው ላይ ሲረጭ ቀለሙን ትንሽ ወደ ቢጫ ይወስደዋል። እንግዲህ አስቡት፤ አምነን ብቻ ስንወስደው የነበረ ነገር አሁን በዓይን ሊታይ ነው።

በእኛ ገበያ ቀለሙ የተለወጠ ጨው ምን ይባላል? በርበሬው ሸክላ፣ ቅቤው ሙዝ፣ እንጀራው ጀሶ ተቀላቀለበት ሲባል የሰማ ሕዝብ ነው ያለን። በራዲዮም በጋዜጣም የምንሰማው ቃል «ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት» ነው። እኛ «የበለጸገ ጨው» ስንል እርሱ የሚሰማው «የሆነ ነገር ጨመሩበት» የሚለውን ሊሆን ይችላል። ይህ አለማወቅ አይደለም። ተታሎ የሚያውቅ ሸማች የሚወስደው ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ይህን ጥንቃቄ በአንድ ፖስተር አንፈታውም።

ስለዚህ ከመምከራችን በፊት እንለካ። ይህን ጥናት ለመሥራት ከጎንደር የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ዳባት ላይ ዩኒቨርሲቲያችን ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ ቆላውንም ወይና ደጋውንም ደጋውንም አቅፎ የሚከታተለው የጤናና የሥነ ሕዝብ ጣቢያ አለ። ኢኮኖሚስቶች አሉን፣ የምግብ ሳይንስና የግብርና ባለሙያዎች አሉን፣ የሕፃናት ሐኪሞች አሉን። ያልተደረገው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ነው። እኔ ብጠየቅ የማነሣቸው ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ በእውነተኛ ብር ይሁን፤ በአፍ ብቻ አይሁን። ለመሳተፊያ የሚሰጠው ገንዘብም እንደ ስጦታ ታይቶ ይሉኝታ እንዳይፈጥር ቀደም ብሎ፣ የሰውዬው ገንዘብ ሆኖ እስኪሰማው ድረስ ይሰጥ። ጠያቂውም ጋዎኑን አውልቆ ይምጣ።

ሁለተኛ፣ ሽሮው በሁለቱም ጨው ይሠራ፤ መጀመሪያ ሳይነገር ይቀመስ፣ ቀጥሎ ጨዎቹ ሳይበስሉ ይታዩ፣ በመጨረሻ ስለ ጥቅሙ ይነገር። ሰው የሚሸሸው ከጣዕሙ ነው፣ ከቀለሙ ነው ወይስ ከወሬው? ሦስቱ ሦስት የተለያየ መድኃኒት ነው የሚፈልጉት። ቀለሙ ከሆነ ችግሩ የአምራቹ ነው፤ ወሬው ከሆነ ደግሞ ማን እንደሚናገር እንመርምር፤ ቄሱ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ወይስ ራዲዮው።

ሦስተኛ፣ ፒያሳ ሱፐርማርኬት በር ላይ ቆመን ሕዝብ ጠየቅን አንበል። ደባርቅ ገበያ፣ ጃናሞራ፣ ደምቢያም እንሂድ። ጥር ላይ እህል በጎተራ ሲኖርና ነሐሴ ላይ ሲያልቅ አንድ ሰው ሁለት ዋጋ ነው የሚጠራው። በጾምና በፍስክም እንዲሁ።

አራተኛ፣ የሚገዛውና የሚያበስለው አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። ሁለቱም ይጠየቁ፤ ለየብቻ።

ውጤቱ «ሕዝቡ አይቀበለውም» የሚል ቢሆንስ? እሱም ትልቅ ዕውቀት ነው። ሚሊዮኖች ብር ወጥቶበት ጨው መጋዘን ውስጥ ከሚቀር፣ አስቀድሞ በጥቂት ብር ማወቁ ይሻላል። ሊሻሻል የሚችለውን እናሻሽላለን፤ ካልሆነም ሌላ ምግብ እንፈልጋለን።

ከጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጀምሮ፣ ከ1947 ዓ.ም ወዲህ፣ የዚህ ትምህርት ቤት ኩራት ሕዝብ ዘንድ መውረዱ ነው። ደምቢያ ላይ ወባ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ የተቋቋመ ቤት ነው። መውረድ ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ለማስተማር መውረድና ለመጠየቅ መውረድ። የመጀመሪያውን ስንሠራበት ኖረናል፤ ሁለተኛውንም እንጨምርበት። ከውጭ የመጣችሁ ምሩቃን ለትልቅ መሣሪያ ገንዘብ ስታሰባስቡ ለእንዲህ ያለው ትንሽ ጥናትም ጥቂት አስተርፉ። መምህራኖቻችንም ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችሁ ርእስ ስትሰጡ ሐኪሙንና ኢኮኖሚስቱን አጣምራችሁ ስጡ።

አባቶቻችን «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ይላሉ። ምግብን በመድኃኒትነቱ ብቻ ለሕዝብ ለማቅረብ ለምናስብ ሁሉ ከዚህ የበለጠ ምክር የለም። መድኃኒትነቱን እኛ እናውቃለን፤ ጣዕሙን የምትፈርደው ግን ምድጃው አጠገብ ያለችው እናት ናት። እርሷ ስትወስን ደግሞ በአንዲት ከረጢት ጨው ሳቢያ አንድ ልጅ በእግሩ ሊሄድ ወይም ላይሄድ ይችላል። ስለዚህ እንጠይቃት፤ መልሷንም እንደ ላቦራቶሪ ውጤት አክብረን እንመዝግበው።